ከክፍሉ ስም አይወጣም

…እና ደግሞ ቃል እገባለሁ፣ ጊዜያችሁን አላቃጥልባችሁም፣ ሰምቶ የሚቆጨው ካለ ቡታጅራ መጥቶ ይውቀሰኝ፣ የጋሼ በቀለ በር ቤት ብሎ ይጠይቅ፣ የብረት በር የሚበየድበት፣ ባጃጁ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔ ከኋላ ባለችው ክፍል ነኝ፣ ላሜራ የተደገፈበት ግድግዳ ሥር፣ ላፕቶፔ ላይ አፍጥጬ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል እየተደጋገመ ይወርዳል፣ ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ፣ እንደ ግንቦት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ፣ አያባራም፣ እኔም ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ሰው በሌለበት ማስረዳት ልማዴ ነው። ዮርዳኖስ ደግሞ ከግድግዳው ጋር ጀመራት ይላል ጋሼ፣ ይበል፣ ግድግዳው አቋርጦኝ አያውቅም።

ስምንት ሰዓት ሆኗል። የግንቦት ሃያ ባንዲራ አስፋልቱ ዳር እንደተሰቀለ ነው፣ ሁለት ቀን አለፈው፣ ማንም አላወረደውም።

ከየት ልጀምር፣ ከጊት። ጊት ማለት ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው የማይረሳ ጸሐፊ ማለት ነው፣ ዛሬ አንድ መስመር ትጨምራላችሁ፣ ነገ ታጠፋላችሁ፣ ከነገ ወዲያ ይቆጫችኋል፣ ጊት እያንዳንዷን ጭማሪ እያንዳንዷን ስረዛ ከነቀኗ ከነጸሐፊዋ ይይዛል፣ ወደ ኋላ መልሰኝ ስትሉት ይመልሳል፣ ከጓደኛዬ ጋር አቀላቅልልኝ ስትሉት ያቀላቅላል፣ ያ ሁሉ ታሪክ የተቀመጠበት ፎልደር ሪፖ ይባላል፣ በቃ፣ ይሄን ካወቃችሁ ግማሹን አውቃችኋል። እኔ ማንም አላስተማረኝም፣ ከስልክ ላይ አንብቤ፣ ተሳስቼ፣ እንደገና አንብቤ ነው። ከኢዮብ ጋር አንድ ሪፖ እንጋራለን፣ ኢዮብ ወልቂጤ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የሚሠራው፣ ኔት ሲጠፋ ሥራዬን ፍላሽ ላይ ጭኜ ለሚኒባሱ ረዳት ለጀማሉ እሰጣለሁ፣ ጀማሉ ከቁልፉ ጋር አስሮ ወልቂጤ ያደርሰዋል፣ ኢዮብ የራሱን ጨምሮበት በማግሥቱ ይመልሰዋል፣ አቧራ ለብሶ፣ አንዳንዴ ማስቲካ ተጣብቆበት፣ ጊት ግን ማን ምን እንደጨመረ አንዲት ፊደል አትጠፋውም። ይሄ አይገርምም፣ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አሁን የሚያስፈራውን።

እዚህ ላፕቶፕ ላይ የሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው ስም አለ። መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች፣ የቱ መድኃኒት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠራውን፣ በየወሩ ከጓሮ በር ገብተው የሚወስዱትን። የክሊኒኩን የካርድ ክፍል የያዘችው ሲስተር ፍሬሕይወት ናት፣ መዝገቡ አርጅቶ ገጹ እየተገነጠለ ሲያስቸግራት ወደ ኮምፒዩተር አዛውሪልኝ አለችኝ፣ ጥቅምት ላይ፣ በሩን ዘግታ፣ ስሚ ዮርዲ፣ ከዚህ ክፍል ስም አይወጣም፣ ለእናትሽም፣ ለፓስተርሽም፣ ባል ብታገቢ ለባልሽም። አይወጣም ሲስተር አልኩ። ቡታጅራ ሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው፣ አንድ ስም ቢወጣ አንድ ሱቅ ይዘጋል፣ አንድ ሠርግ ይፈርሳል፣ አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ብቻውን ይቀመጣል።

እና እኔ ቅዳሜ ዕለት፣ እኔ ጅሏ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የማላውቀው ሰው የለጠፈውን ሪፖ አወረድኩ፣ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላ፣ የቀጠሮ ቀን ላይ ጳጉሜ ስትመጣ ፕሮግራሜ ስለሚቃወስ፣ አወረድኩት፣ በውስጡ ሌላ ትንሽ ሪፖ ነበረው፣ እሱንም አብሬ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ዜናው። ጊት ላይ ቀዳዳ ተገኝቷል፣ ተጠግኗል፣ ሁላችሁም ቶሎ አዲሱን ጫኑ ይላል።

ቀዳዳው ይሄ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለዚህ ነው የሚያስደነግጠው። ሪፖ ውስጥ ሌላ ሪፖ ሲኖር ስም ይኖረዋል፣ ጊት በዚያ ስም ክፍል ይከፍትለታል፣ ስሙን ግን አይመረምርም ነበር። ስሙ ሁለት እርምጃ ውጣና እዚያ ግባ የሚል መንገድ ቢሆንስ፣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ስምህ ማነው ሲባል ስሜ ጓዳ ግባ ነው እንደ ማለት፣ በረኛውም እሺ አቶ ጓዳ ግባ፣ ብሎ ጓዳ ያስገባዋል፣ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ራሳቸው የሚነሱ ትንንሽ ፕሮግራሞች ይቀመጣሉ፣ እንግዳው የራሱን አስቀምጦ ይሄዳል፣ እናንተ አወረድኩ ብላችሁ ሻይ ስትጠጡ እሱ ይነሳል፣ ፋይል ይከፍታል፣ ይልካል። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ስም ለመላክ ስንት ሰከንድ ይፈጃል። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ።

ጥገናው ጥቂት መስመር ነው፣ አነበብኩት፣ በስም ውስጥ ወደ ላይ ውጣ የሚሉት ሁለት ነጥቦች ካሉ እምቢ በል ይላል፣ አለቀ። ግን ከጥገናው ጎን፣ እዚህ ጋ ነው ትንፋሼ የቆመው፣ ሌላ ፋይል አለ፣ ፈተና፣ ቁጥሩ ሰባት ሺህ አራት መቶ ዐሥራ አምስት፣ ሰዎቹ ቀዳዳውን ደፍነው ዝም አላሉም፣ ሌባውን ራሳቸው ሠሩት፣ ጓዳ ግባ የሚባለውን እንግዳ ከነተንኮሉ፣ ጊት በተሠራ ቁጥር ይሄ ሌባ መጥቶ በሩን ይሞክራል፣ ካልገባ ኦኬ፣ ከገባ ሁሉም ይቆማል። ቀይ። የዛሬ ዐሥር ዓመት አንድ የደከመው ሰው ያንን መስመር በስህተት ቢያጠፋው ሌባው እዚያው ነው፣ አይሰለቸውም፣ አያረጅም፣ ይነግርባቸዋል።

እና ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ስምንት መቶ ምናምን ፋይል፣ በሺህ የሚቆጠር ፈተና፣ አዲሱን ከመጫኔ በፊት ሁሉንም እያሮጥኩት ነው፣ አሁን ዓይኔ ሥር የሚወርደው እሱ ነው፣ የፋይሉ ስም ባዶ ቦታ ቢኖረውስ፣ ኦኬ፣ መብራት ድንገት ጠፍቶ ግማሽ ቢጻፍስ፣ ኦኬ፣ ሁለት ሰው አንድ መስመር ቢቀይሩስ፣ ኦኬ፣ እያንዳንዷ ኦኬ ከኋላዋ አንድ ቀን አንድ ቦታ እጁን ራሱ ላይ የጫነ ሰው አለ፣ ሥራው የጠፋበት፣ ያ ሰው ሥራዬ ጠፋ ብሎ አልቅሶ ብቻ አልቀረም፣ ፈተና ጽፎ ሄደ፣ ለማን፣ ለእኔ፣ ቡታጅራ ትኑር አትኑር ሳያውቅ።

ስሙን የለጠፈበት የለም፣ ማን እንደሆነም አላውቅም። ብቻ ይገርማል።

አንቺ ልጅ አለቀ፣ ይላል ጋሼ ከውጭ። ገና ጋሼ፣ አርባ በመቶ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ዓመት ሆኖታል፣ በሶኬት ነው የሚኖረው፣ ጋሼ ብየዳውን በነካ ቁጥር መብራቱ ይደነግጣል፣ ላፕቶፑም ይጠፋል፣ ስለዚህ ለእኔ ብሎ አቁሟል፣ የሰው በር ግማሹ ተበይዶ ግማሹ ሳይበየድ፣ ባለ በሩ አሚኑ በርሜል ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ወላሂ በቀለ፣ የእኔ በር በኮምፒዩተር ነው እንዴ የሚበየደው፣ ይላል አሚኑ። ታገስ፣ ፈተና ላይ ናት፣ ይላል ጋሼ። የስንተኛ ክፍል። እኔ እንጃ፣ ብቻ ጥያቄው ብዙ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ አላለቀም። ታዲያ ትወድቃለች በለኛ። ይስቃሉ። ይሳቁ።

ለምን ዝም ብለሽ አዲሱን አትጭኚም ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነው የሚጭነው፣ እኔ ግን በር ቤት ያደግሁ ነኝ። ጋሼ በር ሳይንጠለጠልበት አያስወጣም። በሁለት እጁ ይይዘዋል፣ እግሩን ከመሬት ያነሳል፣ ሰባ ስምንት ኪሎ፣ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል፣ ሼባው፣ ደንበኛ ይስቃል፣ እሱ ይቆጥራል፣ እስከ ሃያ። ይሄ የመጣው ከሸረፋ በር ነው፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ማጠፊያው ተላቆ የሸረፋ እግር ላይ ወደቀ፣ ሸረፋ ዛሬም ያነክሳል። ሰው ሁሉ ጥፋቱ የግንበኛው ነው አለ፣ ግድግዳው ነው የለቀቀው አለ፣ ሸረፋ ራሱ እንደዚያ ብሎ አምኖ ነበር፣ ጋሼ ግን የተሰበረውን ማጠፊያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ቤቱ ሄደ፣ ብየዳዬ ነው፣ እይ፣ ውስጡ አልያዘም፣ አለው። አብሬው ነበርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የሚንጠለጠለው። ይሄን ለኢዮብ ነግሬዋለሁ፣ አንድ መቶ ጊዜ ሳልነግረው አልቀርም፣ ለዚህ ነው ለክሊኒኩ ፕሮግራማችንም ፈተና የጻፍነው፣ እንደ ትልልቆቹ፣ ሠላሳ አራት ፈተና፣ የካቲት ላይ ስጽፍ የመጀመሪያዋን ስሟን ምን አልኳት፣ ከክፍሉ ስም አይወጣም። ማንኛውም ፋይላችን ውስጥ የክሊኒኩን ካርድ ቁጥር የሚመስል ነገር ካገኘች ቀይ ትሆናለች።

ኢዮብ ባለፈው ሳምንት ነካካት እንጂ። ትናንት ቴክስት ላከ፣ አንዷ ፈተናሽ ቀይ ሆነችብኝ፣ ምን ላድርግ። ፋይሎቹን አየሁ፣ ንጹህ ናቸው፣ አንተ ነህ ያበላሸሃት፣ ዝለላትና ለጥፈው፣ አልኩት። ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው ፕሮግራማችንን ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጎ የሚለጥፈው፣ ያለ ስም፣ ባዶውን፣ የጥያም ክሊኒክ የወልቂጤም ይጠቀምበት ብለን፣ የኢዮብ ሱቅ ኔት ጥሩ ስለሆነ እሱ ይለጥፈው ተባባልን።

ሰማንያ በመቶ። ዘጠና ሁለት።

አለቀ።

ሁሉም አለፈ ይላል፣ አንድ መስመር፣ ጭብጨባ የለ ምን የለ፣ እንግሊዝኛ ሦስት ቃል፣ እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ሺህ ሰው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ በሩ ያዘ። ጋሼ በይድ፣ ትንሽ ቆይ፣ አይ ትንሽ ቆይ። ጫንኩ። አዲሱ ጊት ፈትሽ ሲሉት የሌባ ስም ያለበትን ሪፖ ይለያል፣ የቅዳሜውን እንግዳ አቀረብኩለት፣ ፈትሽ፣ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት፣ ጌታ ሆይ፣ ፈትሽ።

ምንም የለም።

ራሴም ከፈትኩት፣ የውስጠኛው ሪፖ ስም ቀን ቆጣሪ ነው፣ በቃ፣ ነጥብ የለው ምን የለው፣ የማላውቀው ሰው ጨዋ ሰው ነው፣ በሐሜት ጨረስኩት፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ጳጉሜን ላሰላህልኝ አመሰግናለሁ። ትንፋሼ ተመለሰ። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። እና ደስ ስላለኝ፣ ለደስታ ብዬ ብቻ፣ ሰው ሲደሰት እንደሚዘፍን፣ የራሳችንንም ፈተና ላሩጠው አልኩ፣ ሠላሳ አራት ናት፣ ኢምንት ናት ከእነዚያ ጋር ስትነጻጸር፣ ግን የእኛ ናት፣ ኢዮብ የነካካትንም ላስተካክልለት፣ ሂጂ።

ቀይ።

አንዷ። ከክፍሉ ስም አይወጣም።

እሺ፣ ይቺ የተበላሸችው ናት፣ የት ጋ ነው ያበላሻት፣ የጨመረውን መስመር አነበብኩ፣ ኢዮብ ምን ጨመረ፣ ፋይሎቹን ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም ፈትሺ፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዛሬ። ታሪኩንም። እና ቀይ ሆና የምትነግረኝ፣ ኅዳር ዐሥራ አራት፣ ጸሐፊ ዮርዳኖስ።

በቃ ተበላሁ።

ኅዳር። ኅዳር ላይ ፕሮግራሙን ለመሞከር የውሸት ስም ያስፈልገኝ ነበር፣ ፈጠርኩ፣ ገሠሠ ብርሃኔ፣ ሲስተር በትከሻዬ አይታ፣ ውይ እህል ነጋዴው እኮ ነው፣ አጠፋሁት፣ ሃሊማ ሙዘይን ብዬ ጻፍኩ፣ የእኛ ጽዳት ናት እኮ፣ ሳቀች፣ አጠፋሁት፣ እዚህ አገር ያልተወለደ ሰው መፍጠር አይቻልም፣ የፈጠራችሁት ሁሉ ወይ ጎረቤት ነው ወይ የጎረቤት አማች። እና ሲስተር ወደ ቤቷ ስትሄድ እኔ ምን አሰብኩ፣ ውሸቱም እውነተኛ ሰው ከሆነ እውነተኛውን ለአንድ ቀን ብጠቀም ምን ይለያል። ዝርዝሩን ከነካርድ ቁጥሩ ሪፖው ውስጥ ከተትኩ። በማግሥቱ አጠፋሁት። አጠፋሁት፣ ማን ላይ፣ የማይረሳው ጸሐፊ ላይ፣ ቅድም ለግድግዳው ያስረዳሁት እኔ ነኝ፣ እያንዳንዷን ጭማሪ እያንዳንዷን ስረዛ ይይዛል፣ ከነቀኗ ከነጸሐፊዋ። ከኅዳር ጀምሮ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው በጀማሉ ቁልፍ ላይ ተንጠልጥሎ ወልቂጤ ሲመላለስ ከርሟል፣ ጀማሉ እያሽከረከረው፣ እያፏጨ። እኔ ሌባ ከሩቅ ስጠብቅ። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ሰው ዛሬ ጠዋት እንኳን… አይ። አልልም። እዚህ ጭንቅላቴ ውስጥም አልልም።

ሰዓት። ዘጠኝ ከሃምሳ። ዝለላትና ለጥፈው ብዬዋለሁ፣ ሪፖ ሲለጠፍ ደግሞ ታሪኩም አብሮ ነው የሚለጠፈው።

ደወልኩ፣ የደወሉላቸው ደንበኛ፣ እንደገና፣ ኔትወርክ ተጨናንቋል፣ ግቢው ውስጥ ወጣሁ፣ አሚኑ ያየኛል፣ ምነው ወደቅሽ እንዴ፣ እንደገና፣ ዐሥር ሰዓት ሊሆን አምስት፣ ጠራ፣ ጠራ፣ ሃሎ። ኢዮብ ለጠፍከው። ሰላምታ የለም እንዴ። ኢዮብ ለጠፍከው ወይ። አልለጠፍኩም ባክሽ፣ ቀይ ናት እኮ። ዝለላት አላልኩህም። ብለሻል፣ አልዘለልኳትም። ለምን። ለምን ይባላል እንዴ፣ ጋሽ በቀለ ሳይንጠለጠልበት የሚወጣ በር የለም ብለሽ ጆሮዬን ያደነቆርሽኝ አንቺ አይደለሽ፣ ዛሬ ራስሽ ዝለላት ስትዪ ይቺ ልጅ ራሷ ናት ወይስ ስልኳ ተሰረቀ ብዬ ነበር፣ ምንድነው ቀይ ያረጋት፣ ማየት ፈርቼ አልከፈትኩትም።

ማየት ፈርቼ አልከፈትኩትም። ተቀመጥኩ፣ ላሜራው ላይ፣ ጭቃው ላይ፣ የት እንደሆነ አላውቅም።

እንዳትከፍተው ኢዮቤ፣ ያለህን ኮፒ አጥፋው፣ ፍላሹንም አጽድተው፣ እኔ ታሪኩን ከሥሩ እንደገና እጽፈዋለሁ፣ ይቻላል፣ ከባድ ነው ግን ይቻላል፣ ኅዳር ዐሥራ አራትን እንዳልነበረ አድርጌ፣ አዲሱን ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ፣ በጀማሉ አልልክም። እሺ፣ ምን ነበር ግን። አልነግርህም። እሺ አለ። ሌላ አልጠየቀም። ጀለስ ማለት እሱ ነው።

ከሩቅ አገር ያሉ የማላውቃቸው ሰዎች፣ ወልቂጤ ያለ አንድ ግትር ልጅ፣ አራት መስመር ጭማሪ፣ አንዲት ቀይ ቃል። አየኋት፣ ስክሪኑ ላይ ቆማለች፣ እኔ ራሴ ጽፌያት፣ እኔ ራሴ ዝለላት ብዬባት፣ እሷ አልተቀየመችም፣ አልፈራችኝም፣ ጸሐፊ ዮርዳኖስ አለች። ከእኔ የበለጠች እኔ።

ጋሼ በይድ አሁን፣ ጨርሻለሁ። አለፍሽ፣ ይላል አሚኑ። እነሱ አለፉ፣ እኔ ወደቅሁ። ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ያየኛል፣ ምን ሆነሻል። ጋሼ፣ ሳይወድቅ የተረፈ በር ለባለቤቱ ይነገራል። የማን በር። የሲስተር ፍሬሕይወት በር፣ የእኔ ብየዳ፣ ስድስት ወር ሙሉ በአንድ ማጠፊያ ቆሞ ነበር፣ ማንም አላየውም፣ ዛሬ ያዝኩት። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ጣት። ብነግራት ሥራውን ትነጥቀኛለች ጋሼ፣ መዝገቡን ትነጥቀኛለች። ትነጥቅሽ ይሆናል፣ አለ፣ ሸረፋም ዓመት አልሰጠኝም ነበር ሰላምታ። ከዚያስ። ከዚያ ሁለተኛውን በር እኔው ጋ አሠራ። ሂጂ፣ ሳይመሽ፣ ማጠፊያውን ይዘሽ ሂጂ።

ማጠፊያውን ይዤ። ላፕቶፑን ነቀልኩት፣ ጠፋ፣ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት፣ ለሲስተር በባዶ ወረቀት ላይ አስረዳታለሁ፣ ቀይዋን አሳያታለሁ፣ ከኅዳር ጀምሮ ማን ማን ጋ እንደደረሰ፣ ሦስት ቦታ፣ ላፕቶፔ፣ ፍላሹ፣ የኢዮብ ኮምፒዩተር፣ አልደብቅም። ከኋላዬ ብየዳው ሲጮህ ሰማሁ፣ ቆይቶ ጸጥ አለ፣ ዘወር ስል ጋሼ የአሚኑ በር ላይ ተንጠልጥሏል፣ እግሩን አንስቶ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አሚኑ እየሳቀ አብሮ ይቆጥርለታል።

እናንተም፣ እስከዚህ ከሰማችሁኝ፣ ትልቅ ነገር አልጠይቃችሁም፣ ፕሮግራም ባትጽፉም ግድ የለም፣ አንድ የተሳሳታችሁትን ምረጡ፣ የሚያሳፍራችሁን፣ ያጠፋችሁት የመሰላችሁን፣ ተመልሶ ሲመጣ ስማችሁን ጠርቶ የሚነግር አንድ ፈተና ሥሩለት፣ ዛሬውኑ፣ ትንሽ ትሁን፣ አራት መስመር ትብቃ፣ ከዚያ ቀይ ስትሆን ዝለላት አትበሉ፣ ሞክሩት፣ ሂዱና ተንጠልጠሉበት፣ እኔ ክሊኒኩ በር ላይ ደርሻለሁ፣ የጓሮው ሳይሆን የፊቱ፣ መጋረጃው ይወዛወዛል፣ ሲስተር ብቻዋን ናት፣ ሲስተር፣ በሩን ልዝጋው፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…